ባልዲ ውሃ በኦብሑር

በ2004 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በሐምሌ ነበር። ከጅዳ በስተሰሜን፣ ኦብሑር ባሕር ዳር ባለ ቪላ ሦስት አበሾች እንሠራ ነበር። ለኢፍጣር ሳምቡሳ ስጠብስ ዘይቱ ተፈናጥሮ ግራ ክንዴን ለበለበኝ። የደሴዋ ልጅ ቅቤ ይዛ መጣች፤ ማዳም የጥርስ ሳሙና። እኔ ቧንቧ ከፈትኩ፤ የወጣው ውሃ ራሱ ይፋጃል! የጅዳ ቤት ውሃ ጣሪያ ላይ ታንከር ውስጥ ስለሚቀመጥ በሐምሌ ፀሐይ ሲፈላ ይውላል።

የቤቱ ወጥ ሠሪ፣ በዕድሜ እናታችን የምትሆን የወሎ ሴት፣ «ተይ ልጄ፣ ምንም አትቀቢ» አለችኝ። ከመጠጥ ውሃው በጆግ እየቀዳች ሃያ ደቂቃ ያህል ክንዴ ላይ አፈሰሰችልኝ። ሚያዝያ 1989 ዓ.ም. መካ አጠገብ ያሉት የሚና ድንኳኖች ተቃጥለው 343 ሐጃጆች ሲሞቱ እሷ መካ ነበረች። ያን ቀን ያየችውን ዘርዝራ አልነገረችኝም። ብቻ እሳት ያየ ሰው ውሃን አይንቅም አለችኝ።

እኛ አገር ለቃጠሎ ያልተቀባ ነገር የለም፦ ለጋ ቅቤ፣ ሊጥ፣ የእንቁላል ነጭ፣ እሬት፣ ማር። አያቶቻችንን አልነቅፍም። ማርማ ከ3,500 ዓመት በፊት በተጻፈው በግብፆቹ የኤበርስ ፓፒረስም የቃጠሎ መድኃኒት ተብሎ ሰፍሯል፤ ዛሬም የተጣራ ማር ሐኪም ቤት ቁስል ይታሸግበታል። ቅቤ ግን ሌላ ነው። ዘይቱ ከተጠረገ በኋላም ሙቀቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ማቃጠሉን ይቀጥላል፤ ቅቤ ደግሞ ያንን ሙቀት አፍኖ ይይዘዋል።

የሚያስቆጨኝ የውሃ ነገር ሳይታወቅ ቀርቶ አለመሆኑ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት የኖረው ሐኪም አል ራዚ ለቃጠሎ ሕመም ቀዝቃዛ ውሃ ያዝ ነበር። እንግሊዛዊው ጄምስ ኧርል በ1799 እ.ኤ.አ. ቃጠሎን በበረዶ ስለማከም መጽሐፍ ጻፈ (በረዶ ራሱ ቆዳ እንደሚጎዳ የታወቀው በኋላ ነው)። አይስላንዳዊው ሐኪም ኦፌይግሶን የውሃን ጥቅም በሙከራ አሳይቶ በ1959 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ቅቤ ልቀባ ነበር።

ክንዴ ውሃ ቋጠረ፤ ሳላፈርጠው በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩት፣ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ታንከሩ ሳይሞቅ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ባልዲ ሞልተን ከድነን ወጥ ቤቱ ውስጥ ጥላ ሥር እናስቀምጥ ጀመር።