ሰዓታችሁ «97» ያላችሁ ከማን ጋር አወዳድሯችሁ ነው?

ስማርት ሰዓት ያሰረ ሰው ካገኛችሁ አውልቆ ጀርባውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል ታያላችሁ፤ አንዳንዶቹ ላይ ቀይም አለ። አረንጓዴው የልብ ምትን ይቆጥራል። ቀዩ ደግሞ ደማችን ምን ያህል ኦክስጅን እንደተሸከመ ለመገመት ይረዳል። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ይመጣል፤ ለምሳሌ 97 ከመቶ።

ይህን ሰዓት አሪቻ ላይ፣ ቡና ማጠቢያ ውስጥ በምትሠራ ወጣት እጅ ላይ አሰርነው እንበል። አሪቻ በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ የቡና አገር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የልጅቷ ቆዳ ጠይም ነው፤ ጣቶቿ ደግሞ ውሃ ውስጥ ውለው ቀዝቅዘዋል። ታዲያ ሰዓቱ 97 ቢላት ትመነው? ይህን ለመመለስ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣትን በብርሃን ማንበብ

ማታ የእጅ ባትሪ መዳፋችሁ ሥር ብታበሩ ጣቶቻችሁ ቀልተው ይታያሉ። ብርሃን ሥጋችንን አልፎ ይወጣል ማለት ነው። በ1937 አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ አልሪክ ኸርትዝማን ይህንን ወደ መለኪያ ቀየረው። ጣት ላይ ብርሃን አብርቶ ተመልሶ የሚመጣውን ለካ። ልብ በመታ ቁጥር ወደ ጣት የሚመጣው ደም ይጨምራል፣ ደም ሲጨምር ብዙ ብርሃን ይዋጣል፣ የሚመለሰው ይቀንሳል። የሰዓታችሁ አረንጓዴ ብርሃን ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ኦክስጅንን መለካት ግን ከዚህ ይከብዳል። ኦክስጅን የያዘ ደም ደማቅ ቀይ ነው፤ ያልያዘው ጠቆር ይላል። ስለዚህ ኦክስጅን ያነሰው ደም ቀይ ብርሃንን የበለጠ ይውጣል። ዓይናችን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱን ብርሃኖች ማወዳደር ከቻልን የኦክስጅኑን መጠን መገመት እንችላለን። በ1940ዎቹ ይህን ሐሳብ ይዘው ለጦር አብራሪዎች ጆሮ ላይ የሚሰካ መሣሪያ ሠርተዋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብርሃኑን የሚውጠው የደም ቧንቧ ብቻ አይደለም፤ ቆዳውም፣ ሥጋውም፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደምም ይውጡታል። መሣሪያው ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና መስተካከል ነበረበት።

ረብሻው ራሱ መልሱ ሆነ

መፍትሔው የመጣው ሌላ ነገር ሲፈልግ ከነበረ መሐንዲስ ነው። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ኒሆን ኮህደን በተባለ ኩባንያ ውስጥ፣ ልብ ምን ያህል ደም እንደሚረጭ ቀለም በመጠቀም ጆሮ ላይ ለመለካት ይሞክር ነበር። የልብ ምቱ ግን መስመሩን እያንቀጠቀጠ አስቸገረው። ረብሻውን ለማጥፋት ሁለት ዓይነት ብርሃን ተጠቅሞ አንዱን በሌላው ለመሰረዝ ሞከረ። እዚያ ላይ ነገሩ ተገለጠለት፦ ከልብ ምቱ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚለው ከልብ የሚመጣው ደም ብቻ ነው። ቆዳና ሥጋ አይመቱም። ስለዚህ የሚንቀጠቀጠውን ክፍል ብቻ ለይቶ ሁለቱን ብርሃኖች ቢያወዳድር፣ የኦክስጅኑን መጠን ያገኘዋል። ሐሳቡን በ1974 ለሕዝብ አቀረበ። ፐልስ ኦክሲሜትር የምንለው ጣት ላይ የሚቆነጠጥ መሣሪያም፣ በሰዓታችሁ ጀርባ ያለው ሴንሰርም መነሻቸው ይኸው ነው። አዮያጊ ያረፈው በሚያዝያ 2020 ነው፤ መላው ዓለም በኮቪድ ምክንያት የእሱን መሣሪያ በሚፈልግበት ወር።

ከጀርባ ያለው ሰንጠረዥ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሴንሰሩ በቀጥታ የሚለካው ኦክስጅንን ሳይሆን የሁለት ብርሃኖችን ንጽጽር ነው። ንጽጽሩ 1 ሲሆን ኦክስጅኑ 85 ከመቶ አካባቢ ነው የሚል ሰንጠረዥ መሣሪያው ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ሰንጠረዥ ከቀመር ብቻ አልተገኘም። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር እንዲተነፍሱ ይደረግና ከደም ቧንቧቸው ደም ተቀድቶ በላቦራቶሪ ይለካል። ከዚያ ውጤቱ ከብርሃኑ ጋር ይጣመራል። እንግዲህ ሰዓቱ «97» ሲላችሁ፣ «ከእነዚያ ሰዎች ጋር ሳወዳድርህ 97 ትመስለኛለህ» እያለ ነው።

እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ባወጣው መመሪያ ቢያንስ 10 ሰው እንዲፈተሽና ከእነሱ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ጥቁር ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ ይመክር ነበር። ሁለት ሰው!

በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ቆዳ ስለማይመታ ቀለሙ ለውጥ ማምጣት አልነበረበትም። በተግባር ግን አመጣ። በ2020 መጨረሻ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የሆስፒታል ታካሚዎችን አየ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 የሚል ደህና ቁጥር ከሰጣቸው መካከል፣ ደማቸው ሲመረመር በእውነት ከ88 በታች የሆኑት ከነጮቹ 100 ውስጥ 4 ገደማ፣ ከጥቁሮቹ 100 ውስጥ 12 ገደማ ነበሩ። ሜላኒን ብርሃን ስለሚውጥ ሲግናሉ ይደክማል፤ የኤልኢዲው ብርሃንም ፍጹም አንድ ቀለም አይደለም። እንዲህ ያለው ልዩነት በ1990 በወጣ ጥናትም ታይቶ ነበር። አስተዳደሩ የሚፈተሹት ሰዎች 150 እና ከዚያ በላይ እንዲሆኑ የሚጠይቅ ረቂቅ ያወጣው ግን በ2025 ነው።

ስለዚህ ለአሪቻዋ ልጅ መልሱ ይህ ነው፦ ከፍታው ቁጥሯን ጥቂት ነጥብ ዝቅ ቢያደርገው ሕመም አይደለም። ቆዳዋ ቁጥሩን ከእውነቱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ጣትና እጅ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የደም ቧንቧዎች ስለሚጠቡ ሲግናሉ ይደክማል፤ እጇን አሙቃ፣ ሳትንቀሳቀስ ደግማ ብትለካ ይሻላል። ከአንድ ቁጥር ይልቅ በተለያዩ ቀናት የለካችውን ማወዳደርም ይጠቅማታል። ሕመም ከተሰማት ግን ሰዓቱ ምንም ይበል ምን፣ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ብዙ አምራቾችም ሰዓታቸው ለሕክምና ውሳኔ እንዳልተሠራ ራሳቸው ይጽፋሉ።

መሣሪያው አገራችን ሲመጣ

ታሪኩ ግን የጉድለት ብቻ አይደለም። ይኸው ጣት ላይ የሚቆነጠጥ ሴንሰር ሰሜን ተራሮች ላይ አስደናቂ ነገር አሳይቷል። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል እና ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረመድህን ያሉበት ቡድን፣ አምባራስ በተባለ 3,530 ሜትር ላይ ባለ ቦታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ በ2002 ውጤቱን አሳተመ። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ኦክስጅን በሚሰጥበት ቦታ፣ የሰዎቹ አማካይ የደም ኦክስጅን 95.3 ከመቶ ነበር! የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ቆላ ካሉ ሰዎች ያን ያህል አይለይም። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የቲቤቶቹ ደግሞ የኦክስጅን መጠናቸው ዝቅ ይላል። የእኛዎቹ ሦስተኛ መንገድ ሆኑ። ይህ ሊታወቅ የቻለው እዚያው ተኬዶ ስለተለካ ነው።

ከሰሜን ወደ ደቡብ እንውረድ። በገጠር ጤና ጣቢያ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን የሚለየው ባለሙያው ሰዓት ይዞ ለአንድ ደቂቃ ትንፋሹን ሲቆጥር ነው። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ይባላል። የኦክስጅን እጥረት ግን በዓይን ላይታይ ይችላል። በ2018 እና 2019 ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያለበት ቡድን በደቡብ ኢትዮጵያ 24 የገጠር ጤና ጣቢያዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በተለመደው መንገድ ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ፐልስ ኦክሲሜትር ተጨመረላቸው። ከ1,800 በላይ ሕፃናት ተካተቱ። በተለመደው መንገድ ከ100 ሕፃናት 4 ያህሉ ከባድ የሳንባ ምች አለባቸው ተባለ። መሣሪያው ባለበት ግን 16 ያህሉ። ጤና ጣቢያዎቹ የተመደቡት በዕጣ ነውና ልዩነቱን ያመጣው የበሽታው መብዛት ሳይሆን መሣሪያው ነው።

እዚህ ላይ የሰንጠረዡ ጉዳይ የሰዓት ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ኦክስጅኑ ከ90 በታች የሆነ ሕፃን ኦክስጅን እንዲሰጠው ይመክራል። እውነተኛው 87 ሆኖ መሣሪያው 91 ካለ፣ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። በትክክል 87 ካለ ደግሞ ጤና ጣቢያው ኦክስጅን ወይም ሪፈር የሚጻፍበት ሆስፒታል ያስፈልገዋል፤ ቁጥር ብቻውን አያድንም።

ኢንጂነሪንግ፣ ሕክምና ወይም ስታትስቲክስ ለመማር ለምታስቡ ሁሉ እዚህ ሥራ አለ። የብርሃኑ ፊዚክስ ለጌዴኦም ለኦሳካም አንድ ነው። ሰንጠረዡ ግን በሰው ይሠራል፤ በማን ላይ እንደተሠራ መጠየቅና የጎደለውን መለካት ደግሞ የኛ ድርሻ ነው።