ባለ እጁና ጅብ መሳዩ፦ በልጅ ልጆቻችን ጨዋታ ውስጥ ያሉ ዝግጁ ገጸ ባሕርያት



የልጅ ልጅዎ ከማትናስ ሑግ ተመልሶ «ዛሬ አንድ ብረት ቀጥቃጭ አታለለን፤ ከዚያ ጅብ የሚመስሉ ሰዎች መጡብንና ገደልናቸው» ቢልዎ አይደንግጡ። ልጁ የተጫወተው በዕብራይስጥ «መቮኺም ኡድራኮኒም» የሚባለውን የምናብ ጨዋታ ነው። በእስራኤል ብዙ ከተሞች ልጆች ይህን ጨዋታ በሑግ፣ በትምህርት ቤትና በቤታቸው ይጫወቱታል። ናታንያ ውስጥ የልጅ ልጅ ያላቸው አድማጮቻችንም ስሙን ሳይሰሙ አልቀሩም።

ዛሬ የምናስረዳዎ ስለ ጨዋታው አንድ ክፍል ነው፤ ይኸውም አስቀድመው ተሠርተው በመጽሐፍ ስለሚቀመጡ ሰዎች። ነገሩ የልጆች ብቻ ይመስላል። ሆኖም ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ፤ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ጨዋታው የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ብለው በ1974 አወጡት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመጫወት ኮምፒውተር አያስፈልግም። አራት ወይም አምስት ልጆች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ወረቀት፣ እርሳስና ቁጥር የተጻፈባቸው ኩቢዮት ይይዛሉ፤ ዋናዋ ኩቢያ ሃያ ገጽ አላት። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጀግና ይሆናል፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዷ አስማተኛ፣ ሌላው ሌባ። ከመካከላቸው አንዱ ግን ጀግና አይይዝም። እሱ ተረት ነጋሪው ነው፤ በዕብራይስጥ «ሽሊት ማቮኽ» ይሉታል።

ተረት ነጋሪው «ጫካ ገባችሁ፤ መሽቷል፤ ከሩቅ እሳት ይታያል። ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ አንዱ ገደል ልዝለል ካለ፣ ኩቢያ ይጣላል። የወጣው ቁጥር ተሳካለት ወይም ወደቀ የሚለውን ይወስናል።

ማታ ምድጃ ዳር ተረት እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ፣ እኛ ተረቱን እስከ መጨረሻው እናዳምጥ ነበር፤ እነሱ መካከሉ ገብተው መንገዱን ይለውጡታል።

አጃቢ ገጸ ባሕርያት እነማን ናቸው?

ጀግኖቹ በጉዟቸው ብዙ ሰው ያገኛሉ፤ የከተማ በር ዘበኛ፣ ነጋዴ፣ ካህን፣ ሽፍታ፣ የመጠጥ ቤት ባለቤት። እነዚህን ሰዎች የያዘ ልጅ የለም። ሁሉንም ወክሎ የሚናገረው ተረት ነጋሪው ነው፤ ድምፁን እየለወጠ አንዴ አሮጊት፣ አንዴ ሹም ይሆናል። እኛ እዚህ «አጃቢ ገጸ ባሕርያት» እንላቸዋለን።

የተረት ነጋሪው ችግር ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ አለማወቁ ነው። እሱ ቤተ መንግሥቱን አሰናድቶ ሲጠብቅ እነሱ ገበያ ይገባሉ፤ ሽንኩርት የምትሸጠውን ሴት ስሟን ይጠይቃሉ፤ ልጆች አሏት ወይ ይላሉ። ስለዚህ ተሠርተው ያለቁ ሰዎችን የሚሰበስቡ መጻሕፍት መታተም ጀመሩ። ብራያን ብሉም ያዘጋጀውና በ1980 የወጣው «ሮግስ ጋለሪ» ከቀደሙት አንዱ ነው።

በ2014 የወጣው የጨዋታው «የጭራቆች መጽሐፍ» ደግሞ በመጨረሻው ላይ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከነቁጥራቸው ይዘረዝራል። ጥቂቶቹ እነሆ፦

ተራ ሰው፦ የሕይወት ነጥቡ 4፣ መከላከያው 10፣ መሣሪያው ዱላ።
ዘበኛ፦ የሕይወት ነጥቡ 11፣ መከላከያው 16፣ መሣሪያው ጦር።
ካህን፦ የሕይወት ነጥቡ 27፣ መከላከያው 13።
አንጋፋ ወታደር፦ የሕይወት ነጥቡ 58፣ መከላከያው 17።

የሕይወት ነጥብ ማለት ሰውየው ምን ያህል ጉዳት ችሎ እንደሚቆም ነው። መከላከያ ማለት ደግሞ አጥቂው እሱን ለመምታት በኩቢያ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካልደረሰ ምቱ ይስታል።

ቁጥር ብቻውን ግን ሰው አይሆንም። በዚያው ዓመት የወጣው የተረት ነጋሪው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ አጃቢ ሌላም ነገር እንዲታሰብለት ይመክራል፤ መልኩ፣ የአነጋገር ልማዱ፣ የሚያምንበት ነገር፣ የሚወደው ሰው ወይም ቦታ፣ እንዲሁም ድክመቱ ወይም ምስጢሩ። ጥሩ ተረት ነጋሪ በዚህ ይታወቃል። ለዘበኛው የታመመች እናት ከሰጠው፣ ልጆቹ ዘበኛውን ከመግደል ይልቅ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳሉ።

ጅብ መሳዮቹ

አሁን ልጁ ወደ ነገረዎት ጅቦች እንምጣ። በጨዋታው መጽሐፍ «ኖል» የሚባሉ ፍጡራን አሉ። አካላቸው እንደ ሰው፣ ራሳቸው እንደ ጅብ ነው። ስማቸው ከአየርላንዳዊው ጸሐፊ ከሎርድ ደንሴኒ ተረት የመጣ ነው፤ የጅብ መልክ ይዘው የሚታዩት ደግሞ በ1977 በወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ነው። የ2014ቱ መጽሐፍ፣ የአንድ ጋኔን አለቃ ያለፈበትን መንገድ ተከትለው ሬሳ የበሉ ጅቦች ወደ ኖልነት ተለወጡ ይላል። በዚያ መጽሐፍ ኖል ደግነት የለውም። ልጆቹ ሳይጠይቁ ይገድሉታል።

ከጎንደርና ከሰሜን አካባቢ የመጣ አድማጫችን ይህን ሲያነብ ሌላ ነገር ሳያስታውስ አይቀርም።

የክርስትና ጥምቀት ያልተቀበለ የአባቱን ርስት አይወርስም የሚለው አዋጅ ከ1414 እስከ 1429 ከነገሡት ከአፄ ይስሐቅ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ርስት ያጣው ቤተ እስራኤል በሌላ ሰው መሬት ጢሰኛ ሆኖ አረሰ፤ በእጁ ሥራም ኖረ። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ገበሬው ጎረቤት ማረሻውንና ማጭዱን ከባለ እጁ፣ ማሰሮውንና ጀበናውን ከሚስቱ ይገዛ ነበር። ሲመሽ ግን «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ እየሆኑ መቃብር ይቆፍራሉ» ይባል ነበር። የመንደሩ ልጅ ሲታመም ጣት ይቀሰርባቸው ነበር። በእጅ ሥራ የሚኖሩ ሌሎች ወገኖችም በዚሁ ስም ተጠርተዋል። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሀጋር ሰላሞን ከቤተ እስራኤል ስደተኞች የሰማችውን ይዛ በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ርዕሱን «የጅብ ሰዎች» ያለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ልብ ብለው ያስተውሉ፤ ያ ባለ እጅ ዝግጁ ገጸ ባሕርይ ተደርጎ ነበር። አፉን ሳይከፍት ማን እንደሆነ ተወስኖለታል። ምን እንደሚወድ፣ ማን እንደታመመበት፣ ማታ ምን እንደሚያስብ የጠየቀው የለም። ቡዳን የፈጠረው የመንደር ወሬ ነው፤ ኖልን የፈጠረው የጨዋታ መጽሐፍ ነው፤ ምንጫቸው የተለያየ ነው። አሠራራቸው ግን ተመሳሳይ ነው፤ አንድን ወገን በሙሉ በአንድ ቃል ጽፎ መጨረስ። የጨዋታው ኖል ቢሞት የሚጎዳ የለም። የመንደሩ ወሬ ግን ቤት አቃጥሏል፣ ሰው አሳድዷል፤ ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገንም።

መጽሐፎቹ ምን ለወጡ?

ጨዋታውን ዛሬ የሚያሳትመው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በሰኔ 2020 ባወጣው መግለጫ፣ በጨዋታው ውስጥ «ኦርክ» እና «ድራው» የሚባሉት ሕዝቦች ሁሉም ክፉ ተደርገው መጻፋቸው በእውነተኛው ዓለም ሕዝቦች የተዋረዱበትን መንገድ የሚያስታውስ መሆኑን አምኗል። እንደ ማንኛውም ሕዝብ ደግም ክፉም ያለባቸው አድርጎ እንደሚጽፋቸውም ገልጿል። «ቪስታኒ» የሚባሉት ተጓዥ ሕዝብም የአውሮፓን ሮማዎች ወይም ጂፕሲዎች በሚያንቋሽሽ መልክ ተጽፈው ስለነበር እንዲታረሙ ተደርጓል።

ስለዚህ ጨዋታውን መከልከል አያስፈልግም። ልጁን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «ያ ጅብ መሳይ ስሙ ማን ነበር?» ካላወቀ ከዚያ ይጀምሩ።

ከእኛ አገር የሚሠሩ ገጸ ባሕርያት

አንድ ዝግጁ ገጸ ባሕርይ ለመሥራት አምስት ጥያቄ ይበቃል። ስሙ ማን ነው? ምን ሠርቶ ይኖራል? ዛሬ ምን ይፈልጋል? ምን ይደብቃል ወይም ይፈራል? እንዴት ይናገራል? ከዚህ በታች አራት ሰዎች አሰናድተናል። ስማቸውን ግን ለእርስዎ ትተናል። ብዙዎቻችን እዚህ ስንደርስ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቶናል፤ የአያትዎን የአገር ቤት ስም ለአንዱ ቢሰጡት ልጁ ስሙን ይለምደዋል።

ባለ እጁ። ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ይሠራል። ዛሬ ከሰል አልቆበታል፤ ጫካ ድረስ የሚሸኘው ሰው ይፈልጋል። የሚደብቀው ነገር፣ በወሬ የሚያሙትን ሰዎች ማጭድ ጭምር በዱቤ እየሠራ አለመጠየቁ ነው። ሲናገር ወናፉን አያቆምም፤ ቃሉ አጭር ነው። ቁጥሩ የተራ ሰው ቁጥር ነው፤ በዱላው ፋንታ መዶሻ ይዟል።

ሸክላ ሠሪዋ። አገሯ ጎንደር አጠገብ እንዳለችው እንደ ወለቃ ያለ መንደር ነው። ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላና ለጎብኚ በሚሸጡ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች የታወቀች ናት። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ የሚያቆሟቸውን የፕላስቲክ ምስሎች ካዩ፣ ነገሩ ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ ይንገሯቸው። ይህች ሴት ጥሩ ጭቃ የምታወጣበትን ቦታ አንድ ሹም አጥሮባታል፤ እንዲከፈትላት ትፈልጋለች። የምትደብቀው ነገር፣ የምትሠራቸው ምስሎች የመንደሩን ሰዎች መምሰላቸው ነው፤ በደንብ ያየ ሰው በሬውን ማን እንደሰረቀ ያውቃል። ጥያቄን በጥያቄ ትመልሳለች።

የሲራራ ነጋዴው። አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ ከገበያ ገበያ ይዞራል። ከበቅሎዎቹ አንዷ ሌሊት ጠፍታበታለች። የሚደብቀው ነገር፣ የአሞሌው እኩሌታ የብድር መሆኑ ነው። ሲያወራ በየመካከሉ ይምላል፤ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል።

ሽማግሌው። ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተጣላ ያስታርቃል። ሁለት ቤተሰብ ከደም ሳይቃቡ እንዲታረቁ ይፈልጋል። የሚደብቀው ነገር፣ የጠቡ መነሻ በወጣትነቱ እሱ ራሱ የተናገረው ቃል መሆኑ ነው። ሁሉም ተናግሮ ሳይጨርስ አይናገርም። እሱን በሰይፍ ማሸነፍ አይቻልም፤ ልጆቹ ምስክር ማምጣት አለባቸው።

አምስተኛ መጨመር ከፈለጉ መንገድ መሪው አለ፤ ሌሊት ሰው ይዞ ድንበር የሚያሻግር፣ እስከ መጨረሻው ይታመን አይታመን የማይታወቅ። በሱዳን በኩል የመጣ ሰው ይህን ገጸ ባሕርይ ከማንም በላይ ያውቀዋል። መንገር የሚከብድዎ ከሆነ ይተዉት፤ ጊዜው ሲደርስ ይነግሩታል።

ለልጁ እንዴት ይሰጡታል?

እርስዎ በአማርኛ ይንገሩት፤ እሱ በዕብራይስጥ በትንሽ ካርድ ላይ ይጻፍ። እንደ ወናፍ፣ አሞሌና ሲራራ ያሉትን ቃላት ግን አይተርጉማቸው፤ እንዳሉ ይጻፋቸው። ለሽሊት ማቮኹ ሲያነብለት ትርጉማቸውን የሚያስረዳው እሱ ይሆናል። ካርዱ ከአምስት መስመር አይብለጥ። ረጅም ታሪክ ከሆነ ተረት ነጋሪው በጨዋታ መካከል ፈልጎ አያገኘውም።

ከዚያ አሥር ደቂቃ ብቻ ይሞክሩት። እርስዎ ባለ እጁ ይሁኑ፤ ልጁ ከሩቅ የመጣ ተጓዥ ይሁን። ስለ ሥራዎ ይጠይቅዎ፤ የቢላዋ ዋጋ ይከራከርዎ። ምናልባትም በመጨረሻ «አንተ ሌሊት ጅብ ትሆናለህ ይላሉ፤ እውነት ነው?» ይልዎታል።

አያቶቻችን ይህ ጥያቄ ፊት ለፊት ሲቀርብላቸው እምብዛም አልሰሙም፤ የሚወራው ከጀርባቸው ነበርና። ወናፉን ለአፍታ ያቁሙና ይመልሱለት።