ፊደል በባዕድ ማተሚያ ቤት

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የወጣው በአገራችን ሳይሆን በሮም ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1513 ነበር። አሳታሚው ጀርመናዊ ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን የተማረው በዚያች ከተማ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ነው። የኅትመት ታሪካችን የተጀመረው በባዕድ አገር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ አትላንታም መጽሐፋችንን የሚያትመው ሰው ፊደላችንን አያነብም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝን እስኪያካትት ድረስ የፎንት ሠሪዎች ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቦታ እንደየፈቃዳቸው ይደለድሉ ነበር። ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ካልሄደ «አገር» የሚለው ቃል በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም አልባ ምልክት ይሆናል፤ አታሚውም ስሕተቱን የሚለይበት ዓይን የለውም።

ዩኒኮድ ያንን መደናገር ቢያስቀርም ጥንቃቄውን አላስቀረም። ዛሬም ፎንቱ በፒዲኤፉ ውስጥ መታቀፍ፣ የሽፋኑ ርዕስ ወደ ቅርጽ መለወጥ፣ ሥዕሉ በኢንች 300 ነጥብ መያዝና ከመቁረጫው መስመር በስምንተኛ ኢንች ማለፍ አለበት። ቀለሙም ለአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ካልተዘጋጀ፣ በመስኮቱ ላይ የደመቀው የባንዲራችን አረንጓዴ በወረቀት ላይ ይደበዝዛል።

ይህን ተራ የሙያ ጣጣ የሚለው ይኖራል። እኔ ግን ከቁም ጸሐፊዎቻችን ሥራ ለይቼ አላየውም። እነርሱም ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ መስመሩን አስምረው ነበር ብዕር የሚያነሡት። ልዩነቱ እነርሱ የጻፉትን ራሳቸው ማንበባቸው ነው። በስደት አገር ግን የሙከራውን ቅጂ ሆሄ በሆሄ የሚያነብለት ከሌለ፣ ፊደሉ ጠበቃ የለውም።