ሊንገር
በሊኑክስ ኮምፒውተሮች፣ የአንድ ተጠቃሚ የጀርባ አገልግሎቶች ባለቤታቸው በይለፍ ቃሉ ሳይገባ እንዲሠሩ የሚፈቅድ የሲስተምዲ ሥርዓት ነው። ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ በ2010 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት፣ የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚመራው ሲስተምዲ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ መጋቢ የሚያስነሣለት ሲገባ ነውና፣ ተጠቃሚው ጨርሶ ሲወጣ መጋቢውም ከነአገልጋዮቹ ይሰናበታል። አስተዳዳሪው «ሎግኢንሲቲኤል ኢነብል-ሊንገር» ብሎ የተጠቃሚውን ስም ባስከተለ ጊዜ ግን ስሙን የያዘ አንድ ባዶ ፋይል ይፈጠራል፤ ከባዶ ፋይል ይህን ያህል ሥልጣን መገኘቱ ያስደንቃል! ከዚያ ወዲያ መጋቢው ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ ተነሥቶ፣ ምእመናን ቢበተኑም ደብሩን እንደማይለቅ ሰሞነኛ፣ ከአገልግሎቱ አይለይም።

ለምሳሌ፣ እንጦጦ ማርያም ባለችበት ተራራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የኅዋ መመልከቻ ቆሟል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ለመጠቀችው ኢትአርኤስኤስ-1 ሳተላይትም የምድር ጣቢያዋ በዚያው ነበረ። እንዲህ ባለ ስፍራ፣ ሌሊቱን መረጃ የሚቀበል ፕሮግራም ተመራማሪው ከኮምፒውተሩ ስለ ወጣ ብቻ ሊቋረጥ አይገባውም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው 230ኛው የሲስተምዲ እትም፣ ሊንገር ያልተፈቀደለት ተጠቃሚ ሲወጣ ሂደቶቹ ሁሉ እንዲገደሉ መደንገጉ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ፣ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ድንጋጌውን ሳይቀበለው ቀርቷል።