ሐኪሙ በገዛ ገላው ላይ ያየው ምልክት

አርማን ትሩሶ በፓሪሱ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል ያስተምር የነበረ ስመ ጥር ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎቹ አንድ ምክር ሰጣቸው። በሽተኛው ጨጓራውን እያመመው የሕመሙ ምንነት አልለይ ቢላችሁ፣ በዚያው መሐል እግሩ ወይም ክንዱ አብጦ ቢያመው፣ ነቀርሳ (ካንሰር) ነው ብላችሁ ቁረጡ አላቸው። እብጠቱን የሚያመጣው በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ነው።

ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ትሩሶ ራሱ ጨጓራውን ይታመም ጀመር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1867 ያው ምልክት ሌሊቱን በገዛ ገላው ላይ ወጥቶ አደረ። ደቀ መዝሙሩን ፔተርን አስጠርቶ “አልቆልኛል” አለው፤ ስለ በሽታው ጥርጣሬ አልቀረውም። በዚያው ዓመት በጁን ወር በጨጓራ ነቀርሳ ሞተ። ለሌላው ያስተማረው ትምህርት ለራሱ መርዶ ሆነበት።

ነገሩ እንዴት ነው ቢባል፣ ሐኪሞች እስከ ዛሬ በጀርመናዊው በሩዶልፍ ፊርኾ ስም የሚጠሯቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ የደም ፍሰት መዘግየት፣ የሥሩ ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ባሕርይ መለወጥ። ነቀርሳ ሦስቱንም ይዞ ይመጣል። ዕጢው ሥሩን ይጫናል፣ ደም የሚያረጋ ንጥረ ነገርም ያመነጫል። ቀዶ ሕክምናው፣ ኬሞቴራፒውና አልጋ ላይ መዋሉ ደግሞ ይጨመሩበታል። የቆሽትና የጨጓራ ነቀርሳ ከሁሉ የባሱ ናቸው፤ የጡት ነቀርሳ በዚህ ረገድ ይሻላል። ቀድሞ ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰውም የበለጠ ያሠጋዋል።

ትሩሶ ምልክቱን አወቀ እንጂ መድኃኒት አልነበረውም። ሄፓሪን የተገኘው በ1916 በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ ነው። በ2003 የወጣ ጥናት ደግሞ የረጋ ደም ካለባቸው የነቀርሳ ሕሙማን መካከል፣ በስድስት ወር ውስጥ የተመለሰባቸው የዋርፋሪን ዓይነት ኪኒን ከሚወስዱት ከ100 ወደ 17፣ ከሄፓሪን ወገን የሆነ መርፌ ከሚወጉት ግን 9 ያህል እንደሆኑ አሳየ። ዛሬ አዳዲስ ኪኒኖችም አሉ።

እኛ ዘንድ የዚህ በሽታ ስም አይጠራም፤ “ያ ክፉ በሽታ” ይባልና ይታለፋል። የእግር እብጠትም “ቆሜ ስለዋልኩ ነው” ተብሎ ይረሳል። እርግጥ እግሩ ያበጠ ሁሉ ነቀርሳ አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙው የለበትም። ነገር ግን በነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰው አንድ እግሩ ብቻ ቢያብጥ በዕለቱ ለሐኪሙ ይንገር። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው የረጋው ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ ሳይጠብቅ አምቡላንስ ይጠራ።