መቀሱ በማን እጅ ነው?

ጠፈር ላይ ስላለች አንዲት ጣቢያ ከሚተርከው «ባቢሎን 5» ከተሰኘው የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ፣ ታሪክ ለሚወድ ሰው የምመርጥለት ክፍል እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 የታየውን «የእውነት ምትሃት» ነው።

ጣቢያዋ ከመሬት መንግሥት ተገንጥላለች። ዳን ራንዳል የሚባል ጋዜጠኛ ካሜራውን ይዞ ይመጣል። የሚሠራበት የዜና አውታር በአምባገነኑ ፕሬዚዳንት እጅ ነው። የጣቢያዋ አዛዥ ሸሪዳን ግን «ትንሽም ብትሆን እውነት ታልፍ ይሆናል» በሚል ተስፋ በሩን ይከፍትለታል። የፊልሙ መጀመሪያ ቀረጻውን ያሳየናል፤ ቀጥሎ የተሰራጨውን ዘገባ። ቃሉ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ሸሪዳን አእምሮው የታወከና የባዕዳን መጠቀሚያ ሆኖ ቁጭ ይላል! እኛ ቀረጻውን አይተናልና እንናደዳለን። የመሬት ሰዎች ግን ያዩት ዘገባውን ብቻ ነው።

ይህን ለማየት እንኳን ጠፈር መውጣት አያስፈልገንም። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 የሠራው የወሎ ረሃብ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። እንዳለ ግን አልነበረም። አጥንታቸው በወጣ ሕፃናት መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ውሾቻቸውን የሚመግቡ ጃንሆይ እንዲገቡ ተደርጎ ተቀጣጥሏል። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ራንዳል ዋሽቷል። እዚህ ግን ረሃቡ እውነት፣ ድግሱ እውነት፣ መደበቁም እውነት ነበር። መቀሱ የጨመረው ውሸት ሳይሆን ፍርድ ነው። የ«ባቢሎን 5» ድክመትም እዚሁ ላይ ነው፤ ውሸታሙን እጅ ከፍንጅ ስለሚያሲዘን ፍርዱ ይቀለናል። እያንዳንዱ ምስል እውነት ሲሆንስ?

ደርግ የፊልምን ጉልበት ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ሲያከብር ሰሜኑ በረሃብ እያለቀ ነበር። የተደበቀ ረሃብ አሳይቶ ንጉሥ ያወረደው መንግሥት፣ በተራው የራሱን ረሃብ ከበዓሉ ጀርባ ደበቀ። በጥቅምት የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከቆረም ያቀረቡት ምስል ዓለምን አዳረሰ።

እናም ዘጋቢ ፊልም ስታዩ «ይሄ እውነት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ተቆርጦ የወደቀውስ ምን ነበር?