«ተቀበል!»

ስለ መጠጥ ቤት ታሪክ መጻፍ ለአንዳንዱ ነውር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሌላ ደጅ የተዘጋበት ሰው የት ይቀመጥ እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ፣ የጠጅ ቤቱን አግዳሚ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አዝማሪን እንውሰድ። ሕዝቡ በዜማው ይደሰታል፤ ልጁን ሊድርለት ግን አይወድም ነበር። አዝማሪዎችም ሌላው የማይሰማው የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ አበጁ፤ ቮልፍ ሌስላው የተባሉት የቋንቋ ሊቅ አጥንተውታል። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሽስቶች ወሬ ያዛምታሉ ያሏቸውን ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እየለቀሙ ገደሉ።

ያው ወራሪ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች ስም «ካዛንቺስ» ሆኖ ለሰፈሩ ቀረ። በዚያው ሰፈር ኋላ የአዝማሪ ቤቶች ተደረደሩ፤ አንዱ ፈንድቃ ነበር። መላኩ በላይ ያለ ደመወዝ ለሽልማት እየጨፈረ፣ ሌሊት ከባንኮኒው ሥር እየተኛ ኖሮ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ያዘው። ሥዕሉም፣ ግጥሙም፣ ጃዙም ገባበት፤ የሰፈሩ ሰውና ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ፈረሰ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ሕጉ ያስራቸው የነበሩ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ በየመጠጥ ቤቱ «ፖላሪ» በሚባል የምስጢር ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር። የኒው ዮርኩ ስቶንዎል ከባንኮኒው ጀርባ የቧንቧ ውኃ እንኳ ያልነበረው ጎስቋላ ቤት ነበር። በሰኔ 1969 እ.ኤ.አ. ፖሊስ ሲወርረው ግን፣ ሌላ መሄጃ ያልነበራቸው ደንበኞቹ እንቢ አሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. ያ ቤት ብሔራዊ መታሰቢያ ተባለ።

በእኛ አገር በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ይቀጣል፤ ሰዉም ስሙን አያነሣም። ሸዋ ሮቢት እያለሁ፣ ቀን በባንክ ገንዘብ ስቆጥር ውዬ፣ የይፋት ሙቀት ረገብ ሲል የማመሽባት አንዲት ጠጅ ቤት ነበረች። የደሴ መንገድ ሾፌር፣ የማሾ ነጋዴ፣ ጡረተኛ ወታደር ይሰበሰቡባታል። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ድምፁ የለዘበ፣ አለባበሱ የተመረጠ፣ ሚስት ያላገባ አንድ ሰው ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ማንም አይጠይቀውም፤ ማንም አያስነሣውም።

አንድ ማታ አዝማሪ መጣ። ገጣሚነቴን ላሳይ ፈልጌ «ተቀበል!» አልሁና በዚያ ሰው ድምፅ የሚሳለቅ ስንኝ ሰጠሁ። አዝማሪው ደጋኑን ይዞ ጥቂት አየኝ፤ ከዚያም እንጀራው ነውና ዘፈነው። ቤቱ ሳቀ። ሰውዬው ሒሳቡን ከብርሌው ሥር አስቀምጦ ወጣ፤ ተመልሶ አልመጣም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ጠጅ ቤቷም ተዘረፈች፤ እስከ ዛሬ አልተከፈተችም። ይቅርታ የምጠይቅበት ቦታ እንኳ አጣሁ። ብዙ ስንኝ ጽፌ ረስቻለሁ፤ ያን አንዱን ግን መርሳት አልሆነልኝም።

የሰፈራችሁ ጠጅ ቤት ገና ካልፈረሰ፣ ማዕዘኑ ላይ ላለው ሰው አንድ ብርሌ አስቀዱለት።

ቸር እንሰንብት።